ዲኤክሷ ፍሬን ላይ የሠራሁት፣ ከኅዳር እስከ ጥምቀት

የኅዳር ሚካኤል ማግስት

እሺ በቃ ተጀመረ። መኪናዋ የ1982 ሞዴል ቶዮታ ዲኤክስ ናት፣ 4ኬ ሞተር፣ ፍሬኗ ከፊት ዲስክ (ፓድ ከሁለት ጎን የሚይዘው ክብ ብረት) ከኋላ ታምቡር (ሸራ ከውስጥ የሚገፋው ከበሮ መሳይ ብረት)፣ ቸርኬዋ 13። ሞተሯን አልነካም፣ ቀለም አልቀባም፣ የማረገው ፍሬኗን ብቻ ነው፣ ትራክ (የመኪና ውድድር ሜዳ) ላይ ለሚነዳ መኪና የሚሠራውን የፍሬን ሥራ እዚሁ ጎንደር በሚገኝ ዕቃ መሥራት። «ጎንደር ላይ ትራክ የት አለና» ያላችሁኝ ሰዎች ልክ ናችሁ፣ የለም። ግን ከዳባት ተነስታችሁ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በኮሶዬ አርጋችሁ ወለቃ ድረስ አራት ሰውና ሁለት ጆንያ ድንች ጭናችሁ ወርዳችሁ ከሆነ ፍሬን ሲቃጠል ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። እናቴ ዳባት ናት፣ ስለዚ እኔ ያን መንገድ ሁሌ ነው የምመላለስበት። ትራክና ረጅም ቁልቁለት ደሞ ፍሬኑ ላይ የሚያረጉት ነገር አንድ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ እንደገና ማሞቅ፣ እንደገና ማሞቅ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፣ መንገድ ላይ ፉክክር ምናምን የለም፣ ሰውም አህያም በግም የሚሄድበት አስፋልት ነው፣ በፍጥነት የሚሞከር ነገር ካለ ዝግ ሜዳ ላይ ነው።

ምንም ነገር ሳልፈታ በፊት ያለችበትን ማወቅ ፈለግኩና ሙቀት መለኪያ ማፈላለግ ጀመርኩ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛዬ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደገን የነበረውን አመጣልኝ፣ ዲስኩ ላይ ደገነው፣ መሣሪያው ስሕተት ብሎ ጮኸ፣ ለሰው ትኩሳት የተሠራ ስለሆነ ከ42 ዲግሪ ምናምን በላይ አያነብማ። «ሪፈር ትጻፍላት» ብሎ ሄደ። በኋላ ለፋብሪካ የሚሆነውን፣ እስከ 550 ዲግሪ የሚያነበውን፣ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ይሄ መሣሪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይዋሻል፣ ከእውነቱ ዝቅ አርጎ ነው የሚያነበው፣ ምክንያቱም የተወለወለ ብረት ቢግልም ጨረሩን እንደ ጥቁር ነገር አይለቅም። ስለዚ ፓዱ የማይደርስበት የዲስኩ ክፍል ላይ ለጭስ ማውጫ የሚሆነውን ጥቁር ቀለም ጠብ ጠብ አርጌ እሱ ላይ ነው የምደግነው። ታምቡሩ ዝገቱ ራሱ ይበቃዋል።

ከኮሶዬ እንደወትሮዬ ወርጄ ወለቃ ስደርስ ዳር ይዤ ለካሁ። የፊት ቀኝ 274። የፊት ግራ 191። የኋላ ቀኝ 88። የኋላ ግራ 41፣ ማለት ፀሐይ የመታው ብረት ነው በሉት፣ ሥራ አልሠራም። አራት ጎማ አራት የማይገናኝ ቁጥር። እንግዲህ ይቺ መኪና ናት «ፍሬኗ ቆንጆ ነው» ተብሎ የተሸጠችልኝ፣ እውነትም ከተማ ውስጥ ከፒያሳ አራዳ ስትነዷት ምንም አይታወቅም፣ ትንሽ ስትረግጡ ትቆማለች፣ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ጋራዥ

አዘዞ መንገድ ላይ የሚሠሩ ጋሼ አሉ፣ ጎንደር ላይ ዲኤክስን እንደሳቸው የሚያውቅ ሰው አላየሁም። መሣሪያውን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ፍሬን በሽጉጥ ሆነ እንዴ የሚሠራው?» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ሙቀት ነው የሚለካው፣ ይዩት እስቲ» ብዬ ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። ጎማው ሳይወልቅ ገና በክሪክ ስናነሳት «የኋላ ግራ ሲሊንደሩ እያለቀሰ ነው፣ የፊት ቀኙ ደሞ ፒኑ ዝጓል፣ ፍታው» አሉ። ተፈታ። የፊት ቀኝ ካሊፐር (ፓዶቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው) የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ እንደ ብየዳ ይዟል፣ ከውስጥ ያለው ፓድ ወደ ብረቱ ሊደርስ 2 ሚሊ ምናምን ቀርቶታል፣ ከውጪ ያለው ግን ገና 7 ሚሊ አለው። ያ ማለት ዲስኩን ሁለት እጅ መያዝ ሲገባው አንድ እጅ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከያዘ በኋላም አይለቅም፣ ስለዚ ስትነዱ ራሱ እየታሸ ይሞቃል። 274 የመጣው ከዚህ ነው።

የኋላ ግራ ታምቡር ሲወጣ ሸራው በፍሬን ዘይት ርሶ ጥቁር ሆኗል፣ ሸራውን የሚገፋው ሲሊንደር ጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ላስቲክ) አልቋል። በዘይት የራሰ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ፣ በእሳት ተለብልቦ የሚመለስበት ልማድ አለ፣ ተዉት። ዘይቱ ውስጥ ድረስ ነው የሚገባው፣ ሲሞቅ መልሶ ይወጣል። ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ተቀየረ፣ አንድ ጎን ብቻ አዲስ ብታረጉ ስትረግጡ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትስባለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር። የጋራዡ ልጅ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር ሊነፋው ሲል አስቆምኩት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ይኖረዋል፣ ከየት እንደመጣ የማታውቁት ሸራ ሁሉ አለበት ብላችሁ ነው መያዝ ያለባችሁ፣ ያን አቧራ ሳንባ ውስጥ ማስገባት ለማንም አይመከርም። በሳሙና ውሃ አርሰን በጨርቅ ጠረግነው፣ ጨርቁንም በፌስታል አስረን ጣልን። ጋሼ «እኛ ስንት ዘመን ስንነፋ ኖረን» ብለው ሳቁ፣ ግን ከዛ በኋላ ያለውን ታምቡር ራሳቸው ናቸው ውሃ ያፈሰሱበት።

ከጽዮን ማርያም በኋላ፣ ፓድ ፍለጋ

ጎንደር ያሉት መለዋወጫ ቤቶች ዲኤክስ ፓድ ሞልቷቸዋል፣ ችግሩ የቱ ነው የሚለው ነው። ካርቶኑን አታንብቡ፣ ካርቶን ላይ ሁሉም «ጃፓን» ነው። ፓዱን አውጡና ጠርዙን ወይ ጀርባውን እዩ፣ ረጅም ኮድ ተጽፎ መጨረሻው አካባቢ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፣ ኢ ኢ፣ ኤፍ ኤፍ፣ ጂ ጂ፣ ወይም የተቀላቀለ። የመጀመሪያው ፊደል ፓዱ በደህና ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ነው፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ። ኢ ማለት የፍትጊያው መጠን ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55። ለኛ ሥራ ሁለተኛው ፊደል ነው ወሳኙ። ኤፍ ኢ የሚል ካገኛችሁ ሲቀዘቅዝ ጥሩ፣ ሲግል የሚደክም ነው፣ ቁልቁለት ላይ የማትፈልጉት እሱን ነው። የሱቁ ልጅ «ይሄን ፊደል ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» ብሎ ካርቶኑን በሙሉ አወረደልኝ፣ እየገለባበጥን ሻይ ጠጣን። ምንም ፊደል የሌለበት ፓድም አለ፣ እሱን ወደ መደርደሪያው መለስነው።

ሴሚ ሜታሊክ (ብረት የተቀላቀለበት) ኤፍ ኤፍ ወሰድኩ። ትክክለኛ የትራክ ፓድ ለምን አላመጣህም ላላችሁኝ፣ የትራክ ፓድ ካልሞቀ አይዝም። ጠዋት ኮሶዬ ላይ ብርዱ እጅ እየቆረጠ አንድ ልጅ በግ እየነዳ ድንገት ቢሻገርባችሁ የመጀመሪያዋ ፍሬን ናት መያዝ ያለባት፣ እስኪሞቅ ጠብቅ አትሉትም። ዋጋውን አልጽፍም፣ ሳምንት ሳይቆይ ይቀየራልና ለማንም አይጠቅምም።

ያው ሰሞን፣ የዲስክ ክርክር

ጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ተከራከርን። አንደኛው «ትልቅ ዲስክ ግጠምላት፣ ቀዳዳ ያለውን፣ ካሊፐሩን ቀይ ቀባው» ነው የሚለው። ቀይ ቀለሙን ተወው፣ ስለ ትልቅ ዲስኩ ግን እንነጋገር። መኪናን የሚያቆመው መጨረሻ ላይ ጎማው ነው፣ የኔ ፍሬን አሁን ባለበት ሁኔታ አራቱንም ጎማ ማስቆለፍ ይችላል፣ ካስቆለፈ ደሞ ከዛ በላይ ጉልበት የትም አይሄድም። ትልቅ ዲስክ የሚጠቅመው ሙቀት የሚያጠራቅምበት ብዙ ብረት ስላለው ነው። 13 ቸርኬ ውስጥ ደሞ ምን ያህል ትልቅ ይገባል? እሱን ልግጠም ካልኩ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ካሊፐር፣ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው) ሁሉ ይከተላል፣ ፍሬን ሳይሆን መኪና መግዛት ነው።

ሒሳቡን ናፕኪን ላይ ሠራሁላቸው። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንዴ ሙሉ በሙሉ መቆም ለ1200 ኪሎ መኪና 460 ኪሎ ጁል አካባቢ ነው፣ ይሄ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይገባል። የፊቱ 70 ፐርሰንት ይወስዳል ብንልና ዲስኮቼ (በአትክልት ቤት ሚዛን መዝኜያቸዋለሁ) እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ገደማ ስለሆኑ በአንድ ማቆም ብቻ ሙቀታቸው ወደ 90 ዲግሪ ይጨምራል። አሁን ቁልቁለቱን እዩት። 1000 ሜትር ከፍታ መውረድ፣ መኪናዋ ትመዝን የፈለገችውን፣ ከ100 ተነስቶ ከ25 ጊዜ በላይ ከማቆም ጋር እኩል ጉልበት ነው። ጣሊያን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ገደሉን ቆርጦ ያወጣው ሊማሊሞ ከላይ እስከ ታች ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉን ነፋስና የጎማው መንከባለል ይወስዱታል፣ የቀረው ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ ይበላዋል፣ ሌላ መሄጃ የለውም። ናፕኪኑን አይቶ ዝም አለ፣ ቀጥሎ «እና ቀይ አትቀባውም?» አለ።

ቀዳዳ ያለው ዲስክ ደሞ በግልጽ ልናገር፣ አልወደውም። ቀዳዳው ድሮ ፓዶች ሲግሉ የሚያወጡትን ጋዝ ማስወጫ ነበር፣ የዛሬ ፓድ ያን ያህል ጋዝ የለውም። በዛ ላይ ደጋግሞ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ የሚጀምረው ከቀዳዳው አፍ ነው። ቤት ውስጥ በመሰርሰሪያ ራሳቸው የሚበሱ አሉ፣ እሱንስ ምን ብዬ ልናገረው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ቶርኖ ቤት

ዲኤክስ ላይ የፊት ዲስክ ዝም ብሎ አይወጣም፣ ከመሃሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፣ ስለዚ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ተነቅሎ፣ ዳዶው ተፈትቶ፣ ኩሽኔታዎቹ ወጥተው ነው። ይሄ በአንድ በኩል አድካሚ ነው፣ በሌላ በኩል ኩሽኔታውን እንድታጥቡትና በአዲስ ግራሶ እንድትሞሉት ያስገድዳችኋል። ሙቀት የሚችል ግራሶ ውሰዱ፣ ዲስኩ 250 ሲገባ መሃሉም ይግላል፣ ተራው ግራሶ ቀልጦ ወደ ፓዱ ይፈሳል። ስትመልሱት ዳዶውን መጀመሪያ እያሽከረከራችሁ ጠበቅ፣ ከዛ ላላ፣ ከዛ በእጅ ብቻ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ጨዋታ እንዳይኖረው ግን በቀላሉ እንዲሽከረከር። ኮፒሊያው ሁሌ አዲስ ይሁን፣ የሳንቲም ዕቃ ነው።

ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ዲስኩ ተለካ። «ዲስኩ ተጣሟል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መጣመም አይደለም፣ የፓድ ቁስ እኩል ሳይሆን እዚህም እዚያም ተለጥፎበት ነው መሪው የሚንቀጠቀጠው። የኔም እንደዛ ነበር፣ ጥቁር ነጠብጣብ በዓይን ይታያል። ለዛች ብዙ ብረት መላጥ ልክ አይደለም፣ ብረት ማለት ሙቀት ማጠራቀሚያ ነው ብለናላ። በጣም ስስ አርገው አነሱልኝ፣ ከዛ በደረቅ የአሸዋ ወረቀት ሁለቱንም ፊት በክብ በክብ አሸሁት። ኮረብታ ላይ የምትነዱ ሰዎች ዲስካችሁ ወደ ማብቂያው ከቀረበ አታስልጡት፣ ቀይሩት።

ማስታወሻውን ስጽፍ ጋሼ ከጎኔ ቆመው «ላቫጆውን ጻፍበት» አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ከቁልቁለት ወርዳችሁ ቀጥታ ላቫጆ ከገባችሁ ልጆቹ በቀዝቃዛ ውሃ ቸርኬውን ነው ቀድመው የሚመቱት፣ የጋለ ዲስክ በዛ ይሰነጠቃል። ሻይ ጠጥታችሁ፣ እጅ ሲያስጠጉት የማያቃጥል ሲሆን ታጠቡ። የጋለ ታምቡር ላይ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፣ ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ እየጠበበ ሸራው ላይ ይነክሳል፣ ማርሽ አስገቡና ድንጋይ ታኮ አርጉ።

ያው ሳምንት፣ ቱቦና ዘይት

ለኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰው ይሄ ነው። የፊት የጎማ ቱቦዎቹ ከውጪ ደህና ይመስላሉ፣ አጠፍ ስታረጓቸው ግን እንደ ቆዳ ይሰነጣጠቃሉ። አንድ ሰው በኃይል ሲረግጥ ቱቦውን በሁለት ጣት ያዝኩት፣ ያብጣል፣ ይታወቃል። የምትረግጡት ጉልበት ቱቦ ለማሳበጥ ነው እየሄደ ያለው። በብረት ሽቦ የለበሰ ቱቦ በልክ የሚያሠራ ሰው የአክስቴ ልጅ አገኘ፣ ሦስት ተሠራ፣ ሁለት ለፊት፣ አንድ ለኋላ። መሪውን ጥግ ድረስ አዙራችሁ፣ መኪናዋን በክሪክ አንስታችሁ ጎማው ተንጠልጥሎ፣ ቱቦው የትም እንደማይሳብና ጎማውን እንደማይነካ እዩ። ሽቦ የለበሰ ቱቦ ሌላ ነገር ከነካ ያንን ነገር ይሞርደዋል።

ዘይቱ ደሞ። ለአራት ጎማው አየር ለማውጣት ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ከአየር ማውጫዋ ላይ አስገብቼ ሌላኛውን ጫፍ በግማሽ ሃይላንድ ውስጥ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ታናሽ ወንድሜ ፔዳሉ ላይ። «ርገጥ!» «ረገጥኩ!» «ያዝ፣ እንዳትለቅ!» እከፍታለሁ፣ ይወርዳል፣ እዘጋለሁ፣ «ልቀቅ፣ ቀስ ብለህ!» በዚህ ዜማ ሰፈሩ በሙሉ ሲሰማን አመሸ። ከኋላ ቀኝ የወጣው ጠላ ነው የሚመስለው፣ ጉሹ፣ ከሥሩ አተላ ያለው። ቅደም ተከተሉ ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፣ መሪው ግራ ለሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የማስተሩ ማጠራቀሚያ መሃል ላይ እንዳያልቅ አንድ ሰው ዓይኑን አይንቀል፣ አየር ከገባ ከሀ ነው።

ዘይቱን ለምን ቀየርኩት? የፍሬን ዘይት ደረጃው «ዶት» በሚል ቁጥር ነው የሚጻፈው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 140። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155። ዶት 5.1 260 እና 180። ውሃ የጠጣ የሚባለው 3.7 ፐርሰንት ውሃ ሲገባበት ነው፣ ይሄ ዘይት ደሞ ውሃ ከአየር ነው የሚስበው፣ ክረምት ሙሉ ጎንደር ላይ ስትነዱ ቀስ እያለ ይገባል። ከገባ በኋላ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ አስታውሱ፣ ያንን ሽሮ የምትሠራ እናት ሁሉ ታውቀዋለች፣ ባቄላ እዚህ አይበስልም የሚሉት በከንቱ አይደለም። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ መኪናዋ ትሄዳለች።

ሁለቱን ለዩ፣ ብዙ ሾፌር ሁለቱንም «ፍሬን እምቢ አለኝ» ነው የሚለው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ብትረግጡ የማይዝ ከሆነ ፓዱ ነው የጋለው። ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ዘይቱ ነው የፈላው (ታምቡርም ሲግል ስለሚሰፋ ፔዳሉን ትንሽ ያወርደዋል)። ለሁለተኛው ደጋግማችሁ ብትመቱት ትንሽ ይመለሳል፣ ለመጀመሪያው መምታት ምንም አይጠቅምም፣ ማርሽ ቀንሱና ያዙ።

ዶት 4 ገባ። ዶት 5 የሚባል ሐምራዊ ዘይት ብታዩ አትግዙ፣ ሲልከን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ 5.1 ግን እንደነ 4 ነው፣ ቁጥሩ ስለተመሳሰለ አትምታቱ። የተከፈተ ቆርቆሮ ከዓመት ዓመት መደርደሪያ ላይ አታቆዩ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቶሎ ውሃ አፍሱበት፣ ቀለሙን ልጦ ነው የሚያነሳው።

የገብርኤል ዋዜማ፣ ሰርቮው

ትራክ ላይ የሚነዱ ሰዎች የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ቦታ ሆነው ስለሆነ የፍሬን ማገዣው ሰርቮ ከፍታ ላይ መድከሙ ብዙም አይነሳም፣ እኛ ግን ከ2100 ሜትር በላይ ነን። ሰርቮው እግራችሁን የሚያግዘው በአንድ ጎኑ የሞተሩን መሳብ፣ በሌላ ጎኑ የውጪ አየር ግፊትን ይዞ በሁለቱ ልዩነት ነው። እዚህ የውጪው አየር ግፊት ከባሕር ጠለል ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያነሰ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስ ስትወጡ ይብሳል። ጋሼ የቫኪውም ጌጅ (የሞተሩን መሳብ በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ) አላቸው፣ የድሮው ሕግ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ይቀንሳል ነው፣ ስለዚ ባሕር ዳርቻ 18 እስከ 20 የሚያነብ ሞተር እዚህ 11 እስከ 13 ቢያነብ ጤነኛ ነው። የኔ 9 ነበር። የካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ቱቦ ተሰንጥቃ ነው፣ ተቀየረች፣ 12 ሆነ። ከፍሬኑ ምንም ሳይነካ ፔዳሉ ቀለለ።

መፈተኛው ቀላል ነው፣ ሞተር አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ እስኪጠነክር ርገጡ፣ እንደረገጣችሁ ሞተር አስነሱ፣ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሄደ ሰርቮው ይሠራል። ካልሄደ ወይ ሰርቮው ወይ ቱቦው ወይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈው ቫልቭ ናት።

እና ስለ ፍሪ። ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ አለ፣ ባስ ሲል ሞተር የሚያጠፋም አለ። ሞተር ከጠፋ ሰርቮው የቀረውን ሁለት ሦስት ርግጫ ሰጥቶ ዝም ነው። በማርሽ ስትወርዱ ግን እግራችሁ ከቤንዚን ላይ ስለተነሳ ሞተሩ ያኔ ነው በደንብ የሚስበው፣ ሰርቮው ይጠግባል። አሮጌ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለሞተሩም ለፍሬኑም ለሰርቮውም ነው።

የገና ሰሞን፣ ማላመድና የአየር ቱቦ

አዲስ ፓድ ገጥሞ ወዲያው ኮሶዬ መውጣት አይሆንም፣ መላመድ አለበት። ጠዋት በማለዳ ሰው ሳይበዛ፣ ከኋላ ማንም እንደሌለ እያየሁ፣ ከ60 ወደ 10 ጠንከር አርጎ መቀነስ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ እንደገና መንዳት፣ እንደገና። መቆም የሌለባችሁ ፓዱ በጋለበት ቦታ ዲስኩ ላይ እንዳይታተም ነው። ሽታው ይመጣል፣ ትንሽ ጭስም፣ አትደንግጡ። ከዛ ፍሬን ሳይነኩ ዝም ብሎ እየነዱ ማቀዝቀዝ። ሲያልቅ ዲስኩ ላይ እኩል የሆነ ግራጫ ሽፋን ታያላችሁ።

አየር ለማስገባት ከፊት መከላከያው ሥር በሁለቱም በኩል 75 ሚሊ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ አፍ አወጣሁ፣ ቸርኬው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ወደ ተጣጣፊ የቆርቆሮ ቱቦ ይቀየራል፣ ፕላስቲኩ እስከ ዲስኩ ቢደርስ ይቀልጣላ። የኔ ዲስክ ድፍን ስለሆነ አየሩን አንዱ ፊት ላይ ብቻ መንፋት ሌላኛውን ያስቀራል፣ ስለዚ ወደ መሃሉ ነው ያነጣጠርኩት። ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ትራክ ላይ የሚነዱት አውልቀው ይጥሉታል፣ እኔ ቱቦው የሚገባበትን ብቻ ቆርጬ ተውኩት፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ሲመጣ ዲስኩ ላይ እንዲለጠፍ አልፈልግም።

ከጥምቀት በፊት

እንግዳው ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ለካሁ። ያው መንገድ፣ ከኮሶዬ ወለቃ፣ ያው ጭነት፣ እንደ ድሮው አነዳድ። የፊት ቀኝ 206፣ የፊት ግራ 201፣ የኋላ ቀኝ 124፣ የኋላ ግራ 119። የኋላው ሞቀ፣ ደስ ያለኝ እሱ ነው፣ ድሮ ፊት ላይ የተከመረውን ሥራ አሁን አራቱም ተካፈሉት። በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ፍሬኑን እየነካሁ እየለቀቅኩ ስወርድ ደሞ የፊቱ 150 አልደረሰም፣ ይሄ ምንም ዕቃ አልገዛም። የአየር ቱቦው ብቻውን ስንት እንዳቀዘቀዘ ለማየት በስኮች ዘግቼው ወረድኩ፣ የፊቱ በ15 ዲግሪ ገደማ ከፍ አለ፣ ማለት በዛ ፍጥነት ብዙም አይደለም፣ በዝግ ሜዳ በፍጥነት ሲነዳ ይሻላል መሰለኝ። ቁልቁለት ብቻ ለምትወርዱ ሰዎች ቱቦው ላይ አትድከሙ፣ ዘይት፣ ፓድ፣ የካሊፐር ፒን፣ የኋላ ሲሊንደር፣ በዚህ ቅደም ተከተል።

ጋሼን ይዣቸው ነበር የወረድኩት። ወለቃ ስንደርስ ራሳቸው መሣሪያውን ተቀብለው አራቱንም ለኩ፣ አምስተኛ ደሞ ከኋላችን ቆሞ የነበረ ቅጥቅጥ ላይ ሄደው ደገኑ። የፊቱ ታምቡር 310። ሾፌሩን ጠሩት፣ «ና እይ ልጄ» አሉት፣ ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆመው አወሩ።

የቀረው፣ የኋላ ሸራ ክረምት ሳይገባ ማስተካከል፣ ሰኔ ላይ ዘይቱን እንደገና ማፍሰስ፣ እና ጎማ። ያሉኝ ጎማዎች ጠርዛቸው ላይ ያለው የምርት ቀን በፈረንጆቹ 2014 ይላል፣ ፍሬኑ አሁን ከነሱ በልጧል። 13 ለሆነ ቸርኬ 175/70 ጥሩ ጎማ ጎንደር ላይ ያየ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።